አምቡላንሱ ቅርቡን ሆስፒታል አልፎ የሄደው ለምንድነው? (ሜሪላንድ)

የአባቷ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አምቡላንስ ላይ የምትሠሩ እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቃል ካበላሸሁ ይቅር በሉኝ።

እሁድ ጠዋት አባዬ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት አቃተው። ስደርስ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ቀኝ እጁ የእሱ ያልሆነ ይመስል ተንጠልጥሏል። 911 ደወልኩ፤ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ደረሱ። እስከዚህ ድረስ ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም።

ከዚያ በመኪናዬ ተከተልኳቸው። ከቤታችን አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሆስፒታል አለ፤ ልጆቼን የወለድኩት እዚያ ነው። በሩ ጋ ደርሰው፣ በዓይኔ እያየሁ፣ አልፈውት ሄዱ! መንገድ የሳቱ መስሎኝ መብራት አብለጨለጭኩ፣ ክላክስ ነፋሁ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነዱ። አባዬ ውስጥ ይሙት ይዳን አላውቅም።

የሥራ ባልደረባዬ «ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ስለሆነ ነው፣ ቅርቡ አይቀበለውም» አለችኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ከዚያኛው ሆስፒታል ኮሚሽን ይቆረጥላቸዋል» ብሎ ማለልኝ። አባዬ አሁን ትንሽ ትንሽ መናገር ጀምሯል፣ ተመስገን። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። የወሰነው ማን ነው? ሹፌሩ? ሆስፒታሉ? ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር? ልክሰስ ብል የምከሰው ማንን ነው?

ታክስ_ከፋይ | ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ እግዜር አባትሽን ይማርልሽ። መልሱ ግን አጭር ነው፤ ገንዘብ። በዚህ አገር ገንዘብ የሌለበት ውሳኔ አሳዪኝና እታረማለሁ።

ሳይረን_ሌሊት | ማክሰኞ እኩለ ሌሊት

ይማርልሽ። እኔ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ፓራሜዲክ ነኝ፣ አምቡላንስ ላይ የሚያክም ባለሙያ፤ አሁንም ሺፍት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ጥሪ ከመጣ አቋርጬ እሄዳለሁ።

ሹፌሩ አልወሰነም። ኮሚሽን የሚባል ነገርም የለም፤ ለአጎትሽ ልጅ በእኔ ስም ንገሪው። ሜዲኬዱም ምክንያት አይደለም። ከ1986 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ድንገተኛ ክፍል ያለው፣ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ፣ በሩ የደረሰን ሰው ኪሱን ሳይጠይቅ የመመርመርና የማረጋጋት ግዴታ አለበት። የፌዴራል ሕግ ነው።

አባትሽ የት እንደሚሄዱ ሳይታመሙ ነው የተወሰነው። ስቴቱ እያንዳንዱን ሆስፒታል መርምሮ ስም ይሰጠዋል፤ ይኼ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) መቀበል ይችላል፣ ይኼኛው ከባድ ስትሮክ፣ ይኼ ለልብ ድካም፣ ይኼ ለከባድ አደጋ፣ ይኼ ለቃጠሎ፣ ይኼ ለሕፃናት። ያንን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሚምስ ይባላል፤ የሜሪላንድ የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ሥርዓቶች ተቋም ማለት ነው። እኛ ደግሞ ሁላችንም፣ ከምዕራብ ተራራ እስከ ውቅያኖስ ዳር፣ የምንሠራው በአንድ የፕሮቶኮል መጽሐፍ ነው። በየዓመቱ በጁላይ 1 አዲሱ እትም ሥራ ላይ ይውላል፤ ሁላችንም እንደ ተማሪ እናጠናዋለን።

አሁን የአባትሽን ነገር ልገምት። ስትሮክ የጠረጠረ ሠራተኛ ፊት መጣመሙን፣ ክንድ መውደቁን፣ እጅ መጨበጥ መቻሉን አይቶ ነጥብ ይሰጣል። በብዙ ቦታ የምንጠቀምበት መለኪያ ከ5 ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንጎል ውስጥ ትልቁ የደም ሥር ሳይዘጋ አልቀረም ማለት ነው። ትንሹ ሲዘጋ የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ ይበቃ ይሆናል፤ ያንን ብዙ ሆስፒታል ይሰጣል። ትልቁ ሲዘጋ ግን ብዙ ጊዜ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ቅርቡ የማይሠራ ከሆነ እዚያ ማስገባት ማለት ወረፋ፣ ሲቲ ስካን፣ ስልክ፣ ሌላ አምቡላንስ ጥበቃ፣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ሃያ ሁለት ደቂቃ መንዳት ማለት ነው። በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴል እየሞተ።

ቻርታቸውን፣ የሕክምና መዝገባቸውን ማለቴ ነው፣ ጠይቂ። «ትሮምበክቶሚ» የሚል ቃል ካለ፣ ያ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ነው፣ ግምቴ ልክ ነው። ጥሪ መጣ፣

የአባቷ_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ነገ ነርሷን እጠይቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልበልህ፤ ይህን ሁሉ አሁን ካንተ በምሰማ ጊዜ፣ እሁድ በራችን ላይ አንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ጋሼ_ዲስፓች | ረቡዕ

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ እንጂ ዕድሜዬን የጨረስኩት ስልክ አንሥቶ «የት ነው ያሉት?» በማለት ነው። ልጄ፣ ንዴትሽ አግባብ ነው። ግን ይህ «ስቴቱ ወሰነ» የምትሉት ነገር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ወጣቶቹ አምቡላንስ ከአዳም ጀምሮ የነበረ ይመስላችኋል።

በ1960ዎቹ በዚህ አገር ከአምቡላንስ አገልግሎቱ ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት ሬሳ ገናዦች ነበሩ። ቀልድ አይደለም! ሰው አስተኝቶ የሚጭን ረጅም መኪና ያላቸው እነሱ ስለነበሩ ነው። ሳትሞት ከደረስክ ሆስፒታል፣ ከሞትክም ያው ደንበኛቸው ነህ። በ1966 የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ሪፖርት ይህን በግልጽ ጻፈው፤ በአንድ ዓመት ብቻ፣ በ1965፣ 107 ሺህ ሰው በአደጋ መሞቱንም። ብዙዎቹ የሚድኑ ነበሩ። በዚያው ዓመት የመንገድ ደኅንነት ሕግ ወጣ፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የአምቡላንስ ጉዳይ በፌዴራል ደረጃ የሚታየው በጤና ሳይሆን በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር የሆነው። እንግዳ ነገር ነው፣ ግን አለ።

ከዚያ 1973 መጣ። ኮንግረስ የድንገተኛ ሕክምና ሥርዓቶች ሕግን አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፈረመ። ገንዘቡ የሚሰጠው አገሪቱን በቀጠና ከፋፍሎ አሥራ አምስት ነገሮችን ላሟላ ነበር፤ የሰው ኃይል፣ ሥልጠና፣ የሬዲዮ ግንኙነት፣ ማጓጓዣ፣ ሆስፒታሎችን መመደብ፣ የአደጋ ጊዜ እቅድ፣ ከጎረቤት ጋር መረዳዳት፣ ሌላም። ከአሥራ አምስቱ ዝርዝር ውስጥ የሐኪም አመራር አለመግባቱን ሳስብ አሁንም ያስቀኛል። ወጥ ቤቱን ሠርቶ ወጥ ሠሪዋን መርሳት ነው።

በ1981 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሬገን ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ጥቅል አድርገው «እንደፈለጋችሁ» ብለው ለስቴቶቹ ሰጡ። መጠኑም ቀነሰ። የተዘጋጀ ስቴት ቀጠለ፣ ያልተዘጋጀው ተበታተነ። ዛሬ አንዱ ስቴት ከሌላው ሰማይና ምድር የሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሜሪላንድ የተዘጋጀችው በአንድ ግትር ሰው ነው። ዶክተር አዳምስ ካውሊ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም በባልቲሞር በሁለት አልጋ ጀመረ፤ ባልደረቦቹ ክፍሉን «የሞት ላቦራቶሪ» ይሉት ነበር፤ የሚላክለት ሊሞት የደረሰ ሰው ብቻ ስለነበር። እሱ ግን ሰው የሚሞተው ከቁስሉ ይልቅ በመዘግየቱ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። በ1970 የስቴት ፖሊስ ሄሊኮፕተር ቁስለኛ ማመላለስ ጀመረ፣ በ1973 ገዥው ማንደል በትእዛዝ የስቴት አቀፍ ሥርዓቱን አቋቋሙ፣ በ1993 መሥሪያ ቤቱ ራሱን የቻለ ሆነ፤ ገዥው በሚሾመው ቦርድ ይመራል። ከዩኒቨርሲቲም ከጤና ቢሮም ውጭ መሆኑን ልብ በሉ። ሆስፒታሎች ሲጣሉ ዳኛው የአንዳቸው ዘመድ እንዳይሆን ነው።

ታክስ_ከፋይ | ረቡዕ

ጋሼ፣ ታሪኩን ስለነገሩን አመሰግናለሁ፤ የሬሳ መኪናውን አላውቅም ነበር። ግን እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሃያ ሦስት ካውንቲና ባልቲሞር ከተማ አሉ። እያንዳንዱ የራሱ የእሳት አደጋ መምሪያ፣ የራሱ 911፣ የራሱ በጀት አለው። የመንገዱን ጉድጓድ የሚያውቀው ካውንቲው ነው። ከላይ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ቦርድ፣ ሌላ ደመወዝ መጨመር ምን ይሠራል? አናት ላይ አናት።

ነርስ_በፈረቃ | ረቡዕ ማታ

እኔ ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ። የት እንደሆነ አልናገርም።

ታክስ_ከፋይ፣ ካውንቲው ጉድጓዱን ያውቃል፤ በአጠገቡ ካውንቲ ያለው ሆስፒታል ሞልቶ መትረፍረፉን ግን በምን ያውቃል? እኛ ለብዙ ዓመታት የሠራንበት የቀለም ማስጠንቀቂያ ነበር። ሆስፒታሉ ሲጨናነቅ «ቢጫ» ይል ነበር፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያልሆነ በሽተኛ ለጊዜው ወደ ሌላ ይሂድልኝ ማለት ነው። «ቀይ» ሲል ልብ የሚከታተል መሣሪያ ያለው አልጋ የለኝም ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ የስቴት ኮምፒውተር ላይ ይታይ ነበር፤ አምቡላንሶቹም ያዩት ነበር። በካውንቲ ደረጃ ቢሆን ማን ለማን ይናገር ነበር?

አሁን ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ሳይረን እንዳይቆጣኝ። እቅዱ የሚያምረው እስከ ሆስፒታሉ በር ነው። አንዱ ቢጫ ሲል አምቡላንሶቹ ወደ ጎረቤት ይጎርፉ ነበር፣ ጎረቤቱ በሰዓቱ ውስጥ ቢጫ ይል ነበር፣ ሦስተኛው ይከተላል። ሁሉም ቢጫ ሲሆን ቢጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ተመልሶ ሁሉም ለሁሉም ክፍት ይሆን ነበር። ባለፈው ክረምት ኮሪደራችን ውስጥ ስድስት አልጋ በአምቡላንስ ሠራተኞች ተይዞ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆመው አይቻለሁ። «ዎል ታይም» ይሉታል። አንዷ ወጣት ኢኤምቲ (ከፓራሜዲክ ዝቅ ያለ ሥልጠና ያላት የአምቡላንስ ሠራተኛ) ሬዲዮዋ «ነፃ አምቡላንስ ያለ!» እያለ ሲጮህ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ሕጉ በሽተኛው ግቢያችን ከገባ ጀምሮ ኃላፊነቱ የእኛ ነው ይላል፤ ሠራተኛውን አስቁሞ ማስጠበቅ ኃላፊነታችንን አያዘገይልንም። ግን የማስተኛበት አልጋ ከሌለ ሕጉን ላንጥፈው?

የአልጋው እጥረት የሚመጣው ከላይ ነው። ሽማግሌው ድኖ ወደ መጦሪያ እንዳይሄድ መጦሪያው ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ፎቅ ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ የእኔ በሽተኛ ፎቅ አይወጣም፤ ስለዚህ አምቡላንሱ አይለቀቅም፤ ስለዚህ እናንተ ቤት 911 ሲደወል የሚመጣው ከሩቅ ጣቢያ ነው። የአምቡላንስ መሥሪያ ቤቱ ይህን ይቆጥረዋል፣ ሪፖርት ያደርገዋል። የመጦሪያ አልጋ ግን አይፈጥርም።

ሳይረን_ሌሊት | ረቡዕ እኩለ ሌሊት

አልቆጣም፣ እህቴ፤ ያለቀሰችውን ልጅ የማውቃት ይመስለኛል። ሁላችንም አንድ ቀን እሷ ነበርን።

ታክስ_ከፋይ፣ «አናት ላይ አናት» ላልከው አንድ ቀን የሚሠራውን ላሳይህ። ከፍሬደሪክ ወደ ምዕራብ አንድ ከባድ የመኪና አደጋ ላይ ነኝ እንበል። በሬዲዮ የምጠራው ባልቲሞር ያለውን የመገናኛ ማዕከል ነው፤ ዝም ብሎ ማስተላለፊያ አይደለም፣ ከሐኪም ጋር ያገናኘኛል፣ ሆስፒታሉ በዚያው መስመር ላይ ሆኖ ይሰማል፣ ንግግሩ ይቀረጻል። ሄሊኮፕተር ካስፈለገም ጥያቄዬ የሚሄደው ወደዚያው ሕንፃ ነው። የካውንቲዬ ድንበር የት ጋ እንዳለቀ አላስብም። በሌላ ስቴት የሚሠራ ጓደኛዬ ሦስት ካውንቲ ሲያቋርጥ ሬዲዮ ይቀይር ነበር፤ አንዱ ካውንቲ የሚፈቅደውን መድኃኒት ሌላው አይፈቅድም ነበር። በካሊፎርኒያ እንኳ ዝርዝሩን የሚወስኑት ከሠላሳ በላይ የሆኑ የአካባቢ ኤጀንሲዎች ናቸው፤ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ዳር ዳሩን ነው የሚያሰምረው። እንደዚያም ይሠራል፤ ትልቅ ነው፣ ሎስ አንጀለስና የተራራ መንደር አንድ መጽሐፍ አይበቃቸውም። የእኛ ግን ትንሽ ስቴት ነው። አምስት ቀጠና አለን፣ እያንዳንዱ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ጉድጓዱን የሚያውቀው ሰው የሚናገረው እዚያ ነው።

ምዕራብ_ቴክሳስ | ሐሙስ

ሰላም ከዚህ ምድረ በዳ። የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በምንኖርበት ትንሽ ከተማ በበጎ ፈቃድ ኢኤምቲ ነኝ።

ስታወሩ እሰማለሁ፣ «ሃያ ሁለት ደቂቃ ነዱ» ብላችሁ ስትናደዱ። እኛ ጋ ሃያ ሁለት ደቂቃ ማለት ገና አምቡላንሱ ሊደርስ ነው። ቴክሳስ 254 ካውንቲ አላት፤ ሆስፒታል የሚባል የሌላቸው ብዙ ናቸው። ስቴቱ ለአደጋ ሕክምና በ22 ቀጠና ተከፍሏል፣ በየቀጠናው ሆስፒታሎቹና የአምቡላንስ አገልግሎቶቹ የሚቀመጡበት ምክር ቤት አለ። የእኛው ቀጠና ስፋቱ ብቻ ከእናንተ ስቴት ሳይበልጥ አይቀርም። ሄሊኮፕተሩም ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ንፋስ ሲነሣ ወይም አቧራ ሲሆን አይነሣም፤ እኛ ጋ ደግሞ ንፋስ የማይነሣው መቼ ነው?

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ካውንቲያችን ውስጥ በዚያ ሰዓት ሠራተኛ ያለው አምቡላንስ አንድ ነው። አንዲት ሴት የልብ ድካም ይዟት ወደ ትልቁ ከተማ ይዘናት ሄድን፤ መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት። ለአራት ሰዓት ካውንቲው ባዶ። ስንመለስ ሸሪፉ መንገድ ላይ አስቆመን፤ የሚያርስ ሰው ትራክተር ተገልብጦበት ጎረቤቶቹ በፒክአፕ ወስደውታል። ተረፈ። ግን ሰውየውን ገበያ ስንገናኝ ቀና ብዬ ላየው አልችልም።

ስለዚህ ለእኔ «የስቴት እቅድ» ማለት የትኛው ሆስፒታል የትኛውን ማዕረግ አገኘ አይደለም። አምቡላንሴ ስትወጣ በእሷ ቦታ ማን ይቆማል? ይኼን ጥያቄ አስቀድሞ የመለሰ ወረቀት አለ ወይስ የለም? ሌላም አለ፤ በብዙ ስቴት ሕግ አምቡላንስ ማቅረብ ግዴታ አይደለም። ካውንቲው ነገ «በቃኝ» ቢል የሚከለክለው የለም። ሜዲኬርም የሚከፍለን በሽተኛ ጭነን ከወሰድን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተጠባብቀን ማንም ካልታመመ፣ ወይም ስኳሩ የወረደበትን ሰው ቤቱ አክመን አስቀምጠን ከተመለስን፣ ክፍያ የለም።

ታክስ_ከፋይ | ሐሙስ

ይኼ የመጨረሻው ያስቃል። እሳት አደጋ ሠራተኛ የሚከፈለው ቤት ሲቃጠል ብቻ ነው እንደማለት።

ምዕራብ_ቴክሳስ | ሐሙስ

አየህ፣ ተግባባን።

ድንበር_ላይ | ሐሙስ

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ የምሠራው ዲሲ፣ እናቴ ያለችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። በአንድ ቀን ሦስት መንግሥት አቋርጣለሁ። ድልድይ ላይ ብታመም የማን ነኝ?

ጋሼ_ዲስፓች | ሐሙስ

ልጄ፣ በእኔ ጊዜ ስልክህ የትኛውን ማማ እንደያዘ ነበር የሚወስነው፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ የምንጠይቀው «የት ነህ» እንጂ «ምን ሆንክ» ያልሆነው። የተሳሳተ ካውንቲ ጋ ከገባህ እናዛውርሃለን፤ ስልኩን አትዝጋ። አምቡላንሶቹ ራሳቸው ድንበሩን የለመዱት ናቸው፤ ከሜሪላንድ የተነሣ አምቡላንስ ዲሲ ሆስፒታል መግባቱ የዕለት ሥራ ነው።

ከባዱ የፈቃድ ጉዳይ ነው። የአንዱ ስቴት ፓራሜዲክ በሌላው ስቴት ዝም ብሎ አይሠራም። ለትልቅ አደጋ ሁሉም ስቴቶች የገቡበት የመረዳዳት ስምምነት አለ፤ ኮንግረስ በ1996 ያጸደቀው። ማዕበል ሲመጣ አምቡላንሶች ተሰልፈው ከስቴት ወደ ስቴት ሲሄዱ የምታዩት በእሱ ነው። ለዕለት ተዕለቱ ደግሞ የፈቃድ ስምምነት አለ፤ ከሃያ በላይ ስቴቶች ገብተውበታል፣ የአንተው ቨርጂኒያና የዚያ የምድረ በዳው ወንድማችን ቴክሳስ ጭምር።

ስለ ቨርጂኒያ ካነሣን፣ ከእሳት አደጋ የተለየው የመጀመሪያው የበጎ ፈቃደኞች የነፍስ አድን ቡድን የተቋቋመው በ1928 ሮአኖክ ውስጥ ነው። ሰውየው በልጅነቱ ሰዎች ወንዝ ውስጥ ሲሰጥሙ ዳር ቆሞ አይቶ ነበር። ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ።

ታክስ_ከፋይ | ሐሙስ ማታ

እሺ፣ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር እንግዲህ። መኪናዬን ባስመዘገብኩ ቁጥር ለድንገተኛ ሕክምና እየተባለ የሚቆረጥ አለ። ሄሊኮፕተሮቹ የሚበሩት በእሱ ነው አሉኝ። ስንት ጊዜ ነው ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘን ልጅ በሄሊኮፕተር የወሰዱት?

ሳይረን_ሌሊት | ዓርብ ንጋት

ጥያቄህ የቀልድ አይደለም፤ ሰው ሞቶበታል።

በሴፕቴምበር 2008 ማታ፣ ከመኪና አደጋ የተረፉ ሁለት ወጣት ሴቶችን የጫነ የስቴት ፖሊስ ሄሊኮፕተር በጭጋግ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ወደቀ። ፓይለቱ፣ ፓራሜዲኩ፣ አብራ የተሳፈረችው ኢኤምቲና ከሁለቱ ወጣቶች አንዷ ሞቱ። ያኔ ነው ሁሉም ቆም ብሎ «ይህን ያህል በረራ ያስፈልግ ነበር?» ብሎ የጠየቀው። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተቀየረ፤ የቁስለኛው ሁኔታ ከባድ ከሚባሉት ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ሄሊኮፕተር ከመጠራቱ በፊት በሬዲዮ ሐኪም ማማከር ግዴታ ሆነ። በረራው በብዙ ቀነሰ። አየህ፣ በአንድ መጽሐፍ የሚመራ ስቴት ስሕተቱንም በአንድ ጊዜ ያርማል። በሃያ አራት መጽሐፍ ቢሆን እስካሁን ግማሹ አላረመም ነበር።

«ወርቃማው ሰዓት» የሚባለውንም፣ ቁስለኛ በስልሳ ደቂቃ ውስጥ ሕክምና ካገኘ ይድናል የሚለውን የካውሊን አባባል፣ ልናገር፤ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። ካውሊ ትልቅ ሰው ነበር፣ ፍጥነት ሰው እንደሚያድን ያስተማረን እሱ ነው። ግን ስልሳ ደቂቃ የሚለው ቁጥር ራሱ ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው አሥር ደቂቃም ብዙ ነው፤ ለተሰበረ እጅ ሦስት ሰዓትም ምንም አይደል።

ስለ ክፍያው ደግሞ፣ የሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ሄሊኮፕተር ለጫነህ ቢል አይልክልህም። በሌሎች ስቴቶች የግል ሄሊኮፕተር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። በ2022 የጀመረው ያልተጠበቀ ቢል የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የግል ሄሊኮፕተሮችን ያዘ፣ የመሬት አምቡላንስን ግን ትቶታል። ስለዚህ ከአምቡላንስ የመጣ ቢል ካለ፣ የአባቷ_ልጅ፣ ዝም ብለሽ አትክፈዪ፤ መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ መላኩን ጠይቂ።

ጋሼ_ዲስፓች | ዓርብ

ካውሊ በሕይወት ቢኖር ከአንተ ጋር ይጣላ ነበር። ደግሞም አንተን ነበር የሚቀጥረው።

እናት_ከሎረል | ዓርብ

ስለ ሌላ ነገር በመጠየቄ ይቅርታ። እንግሊዝኛዬ ስደነግጥ ይጠፋል። 911 ላይ አማርኛ አለ?

ጋሼ_ዲስፓች | ዓርብ

አለ፣ እመቤቴ፣ በአስተርጓሚ በኩል። መጀመሪያ አድራሻውን ይናገሩ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን፤ ቁጥርና የመንገድ ስም ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ «አምሃሪክ» ይበሉ። «አማርኛ» ካሉ የሚያነሳው ልጅ አያውቀውም። አስተርጓሚው በስልክ እስኪገባ ዝም ሊል ይችላል፤ የተቋረጠ እንዳይመስልዎ፣ አይዝጉ። እርስዎ ሲጠብቁ አምቡላንሱ ቀድሞ ተነሥቷል።

የአባቷ_ልጅ | ቅዳሜ

ተመለስኩ። ሳይረን፣ ገመትክ። ትሮምበክቶሚ ይላል። ሐኪሙ ሥዕሉን አሳየኝ፤ በፊት ጥቁር የነበረው የአንጎሉ ጎን በኋላ የዛፍ ሥር መስሎ ተዘርግቷል። ቅርቡ ሆስፒታል ይህን እንደማይሠራ ራሱ ነገረኝ። አባዬ ቀኝ እጁን እስከ ትከሻው ያነሳል። ጣቶቹ ገና ናቸው። ስሜን አስተካክሎ ይጠራል፣ የእህቴን ስም ግን በእኔ ይጠራል፤ እሷም «ድሮም እንዲሁ ነው» አለች።

ክሱን ትቼዋለሁ። ግን ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ቦታውን ቀየረ እንጂ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አባቴን እየገደሉት ነው ብዬ ነዳሁ። የቀጠናችን ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ እሄዳለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት ለቤተሰብ የሚሰጥ ትንሽ ካርድ፣ በአማርኛም። ምን ብለን እንጻፈው?

ሳይረን_ሌሊት | ቅዳሜ

ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እኔም ራሴ ስንቴ ሳልናገር በሩን ዘግቻለሁ። እንዲህ ቢሆንስ? «ቤተሰብዎን የምንወስደው ለዚህ ሕመም ልዩ ዝግጅትና ባለሙያ እንዳለው በስቴቱ ተመርምሮ ወደተረጋገጠ የሕክምና ማዕከል ነው፤ ይህም ምናልባት ለመኖሪያዎ ቅርብ ከሆነው የተለየ...»

ነርስ_በፈረቃ | ቅዳሜ

አባቱ የወደቀበት ሰው ይህን አንብቦ አይጨርስም። ማሳጠር ነው። «ቅርቡን ሆስፒታል እናልፋለን። ይህን ሕመም የሚያክመው ሌላው ነው። ስሙ ይኸውላችሁ።» ከሥር ባዶ መስመር፤ ሠራተኛው የሆስፒታሉን ስም በእስክሪብቶ ይጻፍበት።

ታክስ_ከፋይ | ቅዳሜ

የካርዱን ማሳተሚያ እኔ እከፍላለሁ። ከመኪና ምዝገባዬ ላይ ግን አትቁረጡት።

ጋሼ_ዲስፓች | ቅዳሜ ማታ

«የሚወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ኑ» የሚል ጨምሩበት። ደግሞ «አምቡላንሱን አትከተሉ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ»። ስንቱን ቤተሰብ ነው ሁለተኛ አምቡላንስ የላክንለት።

የአባቷ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ

ጨመርኩት። እኔ ራሴ ሁለት ቀይ መብራት ጥሼ ነው የተከተልኳቸው፤ ቲኬቱ ዛሬ በፖስታ መጣ።